የቤት እድሳት ንግድ

የቤት እድሳት ንግድ ተሠርቶ ያለን ቤት የመጠገን፣ የማጠናቀቅና የመለወጥ ሥራን በውል ተቀብሎ የሚያስረክብ የንግድ ዘርፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ሙያ፣ ለምሳሌ በቀለም ቅብ፣ በቧንቧ ዝርጋታ፣ በሴራሚክ ንጣፍ ወይም በአናጢነት ነው። ንግዱ ሲያድግ ባለሙያው የእጁን ሥራ ከመሸጥ አልፎ ለጠቅላላው ሥራ ጥራት፣ ጊዜና ገንዘብ ኃላፊ ይሆናል።

ገበያው በአዲስ አበባ

በአዲስ አበባ ለዘርፉ ሰፊ ገበያ ከፈጠሩት ነገሮች አንዱ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች (ኮንዶሚኒየም) ግንባታ ነው። ብዙ ቤቶች የውስጥ ሥራቸው ሳይጠናቀቅ ለዕጣ ዕድለኞች ስለተላለፉ፣ ወለሉን፣ ቀለሙን፣ ኮርኒሱንና የወጥ ቤት ቁምሳጥኑን ባለቤቶቹ ራሳቸው ያሠራሉ። ሥራው በተለምዶ «ፊኒሺንግ» ይባላል።

የዕድገት ደረጃዎች

* በእጅ ዋጋ መሥራት፦ ዕቃውን ባለቤቱ ይገዛል፤ ባለሙያው በካሬ ሜትር ወይም በቀን ሒሳብ ይከፈለዋል።
* ከነማቴሪያሉ መውሰድ፦ ባለሙያው ዕቃውን ጭምር ገዝቶ ይሠራል። የዋጋ ጭማሪና የብክነት ኪሳራ ወደ እሱ ይዞራል።
* ሙሉ እድሳት መያዝ፦ ሥራ ተቋራጩ ግንበኛን፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛን፣ ቧንቧ ሠራተኛንና ቀለም ቀቢን አቀናጅቶ ያሠራል። ብዙ ቤቶችን በአንድ ጊዜ ሲይዝ በየቦታው የሚቆጣጠር ፎርማን ያስፈልገዋል።

የሥራ ቅደም ተከተል

በሦስተኛው ደረጃ ትልቁ ሥራ ማቀናጀት ነው። በመጀመሪያ የሚፈርሰው ይፈርሳል፤ ቀጥሎ የውሃና የኤሌክትሪክ መስመሮች ይቀበራሉ። ከዚያ ልስን፣ የመታጠቢያ ቤት ውሃ መከላከያ፣ ኮርኒስ፣ ሴራሚክና ቀለም ይከተላሉ። የቧንቧ መስመር ሳይፈተሽ ሴራሚክ ከተነጠፈ፣ ፍሳሽ ሲገኝ የተነጠፈው ተመልሶ ይፈርሳል፤ በፎቅ ቤት ደግሞ ጉዳቱ ለታችኛው ጎረቤት ይተርፋል። ግድግዳ ሲነሳ የብሎኬት ክፍልፋይን ከተሸካሚ ግድግዳ፣ ከኮለንና ከቢም መለየት ግዴታ ነው። ተሸካሚውን አካል ያለ መሐንዲስ ጥናት መንካት ሕንፃውን በሙሉ ለአደጋ ያጋልጣል።

ዋጋ አተማመን

የብዙ ጀማሪዎች ችግር የዕቃንና የእጅን ዋጋ ብቻ ደምሮ ትርፍ መጨመር ነው። ለምሳሌ ለአንድ ቤት ዕቃ 240,000፣ የእጅ ዋጋ 100,000፣ ማጓጓዣ 20,000 ብር ቢያስፈልግ ድምሩ 360,000 ብር ነው። ሥራው በ400,000 ብር ቢወሰድ 40,000 ብር ትርፍ ያለው ይመስላል። ይሁን እንጂ የቢሮ ኪራይ፣ የፎርማን ደመወዝና ሌሎች ቋሚ ወጪዎች በወር 60,000 ብር ከሆኑና በወሩ ሦስት ቤቶች ከተጠናቀቁ፣ ለእያንዳንዱ ቤት 20,000 ብር ይደርሰዋል፤ እውነተኛው ትርፍ 20,000 ብር ይሆናል። በወሩ የተጠናቀቁት ሁለት ብቻ ከሆኑ የየቤቱ ድርሻ 30,000 ብር ስለሚሆን ትርፉ ወደ 10,000 ብር ይወርዳል። በዚህ ላይ የዕቃ ዋጋ 10,000 ብር ቢጨምር ምንም አይተርፍም።

የገንዘብ ፍሰት

ሥራ ሞልቶለት የሚከስር ድርጅት አለ። ዋናው ምክንያት ከአዲስ ደንበኛ የተቀበሉትን ቀብድ የቀድሞውን ደንበኛ ቤት ለመጨረስ ማዋል ነው። አዲስ ሥራ እስከመጣ ድረስ ጉድለቱ አይታይም፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን በርካታ ቤቶች በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ ያላለቀ ቤት ይዞ ይቀራል፤ ሠራተኛውም ደሞዙን ያጣል። መከላከያው የየቤቱን ገቢና ወጪ ለየብቻ መመዝገብና ክፍያን በተጠናቀቀ ሥራ ልክ መከፋፈል ነው።

ውልና ሕጋዊ አቋም

የጽሑፍ ውል የሥራውን ዝርዝር፣ የዕቃውን ዓይነትና ደረጃ፣ የክፍያ ጊዜያትን፣ የማስረከቢያ ቀንንና በመሃል የሚመጣ ለውጥ በምን ዋጋ እንደሚሠራ ይይዛል። በተለይ «ይህቺን ብቻ ጨምርልኝ» የሚባሉ ተጨማሪ ሥራዎች ካልተጻፉ ለጭቅጭቅ በር ይከፍታሉ።

በኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋምን ፈቅዷል። ይህ አደረጃጀት በመርህ ደረጃ የድርጅቱን ዕዳ ከባለቤቱ የግል ሀብት ይለያል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ላይ የሚሠራ ተቋራጭ ደግሞ የጋራ መኖሪያ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995ን ማወቅ አለበት፤ አዋጁ የግል ቤትን ከጋራ መጠቀሚያ ክፍሎች ይለያል።

ተዛማጅ ርዕሶች፦ ሥራ ተቋራጭ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ግንባታ