30 በመቶ፣ ከየትኛው ጫማ?

በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል፣ አለርት፣ 60 ዓመት ሞልቶታል። ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር አብሮ ያደገ አንድ ሙያ ግን በክብረ በዓል ንግግር እምብዛም አይነሳም፤ ሰው ሲራመድ ውስጥ እግሩ ላይ የሚያርፈውን ግፊት መለካት። ዛሬ በአብዛኛው የሚጠቀሙበት የስኳር ሕክምና ባለሙያዎች ቢሆኑም ዋናውን ሐሳብ ያገኘነው ከሥጋ ደዌ ሐኪሙ ከፖል ብራንድ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ብራንድ ሕንድ፣ ቬሎር ውስጥ ሲሠራ የታማሚዎች እግር የሚቆስለው ሥጋው በደዌው በስብሶ ሳይሆን ሕመም የማይሰማው እግር በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ስለሚረግጥ መሆኑን አሳየ። ኋላም አሜሪካ፣ ካርቪል ውስጥ ቀለም የያዙ ጥቃቅን እንክብሎች ያሉበትን ካልሲ ለታማሚዎች አልብሶ አራመዳቸው፤ እንክብሎቹ ፈንድተው ቀለም የፈሰሰበት ቦታ ግፊት የበረታበት ነበር።

ዛሬ ቀለሙን ሴንሰር ተክቶታል። ወለል ላይ የሚቀመጠው ሰሌዳ ባዶ እግርን ስለሚለካ እዚህ ብዙ አያቆየንም። ክርክር ያለው ጫማ ውስጥ በሚነጠፈው ስስ ንጣፍ ነው፤ የጀርመኑ ፔዳርና የአሜሪካው ኤፍ ስካን በዚህ ይታወቃሉ። ፍጥነት፣ ካልሲ፣ የሶል ጥንካሬ ሁሉ ቁጥሩን ይለውጡታል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ተሳታፊዎቹን ሁሉ አንድ ዓይነት ማመሳከሪያ ጫማ ያስጫማቸዋል፤ በእያንዳንዱ እግር 12 ያህል እርምጃ ይመዘግባል፤ ከዚያ የሚሞከረው ጫማ ምን ያህል እንደቀነሰ ያሰላል። የስኳር እግርን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መመሪያም ቁስሉ ለዳነ ታማሚ የሚታዘዝ ጫማ ከፍተኛውን ግፊት ከ200 ኪሎፓስካል በታች እንዲያወርድ ወይም ከተለመደው የሕክምና ጫማ ቢያንስ በ30 በመቶ እንዲቀንስ ይመክራል።

ችግሩ ያለው «ከተለመደው» የሚለው ላይ ነው። ከጣና ዳር ገጠሮች ተነስቶ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚመጣ ገበሬ የለመደው የፕላስቲክ ኮንጎ ወይም ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ደግሞ እሱንም ያወልቃል። ሕንድና ቤልጅየም ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ባዶ እግሩን የኖረ ሰው እግሩ ሰፊ ነው፤ ግፊቱም የበለጠ ተመጣጥኖ ይሰራጫል። እንዲህ ያለውን እግር ለጠባብ እግር በተሠራ ማመሳከሪያ ጫማ ብንለካው መነሻው ይዛባል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ቅናሽም የታዘዘው ጫማ መልካምነት ይሁን የመነሻው ጥበት አይለይም።

ታማሚው የለመደው ጫማም መነሻ ይሁን ሲባል የመጀመሪያው ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ጫማ መነሻ ካደረገ የባሕር ዳር ውጤት ከሙኒክ ጋር እንዴት ይነጻጸራል? እኔ ግን የጋራው ጫማ ይቅር አልልም፤ ኮንጎ በሁለተኛ መነሻነት ይጨመር ነው የምለው። ታማሚው አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይራመዳል እንጂ መሣሪያው ያው ነው። «ኮንጎ እንደ ፋብሪካው ይለያያል» ለሚሉም የሶሉን ውፍረት፣ ጥንካሬና ያገለገለበትን ጊዜ መመዝገብ መልስ ይሆናል። የመሣሪያው ውድነት እውነተኛ ችግር ነው። ሆኖም ከሴንሰር በፊት የነበረው፣ ግፊት በበረታበት ጠቆር ያለ አሻራ የሚተወው የሐሪስ የጎማ ምንጣፍ ዛሬም ለመጀመሪያ ልየታ ይረዳል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ርካሽ መሣሪያ ለመሥራት የሚረዱትን ምሕንድስናን፣ ጨርቃ ጨርቅንና ሕክምናን በአንድ ተቋም ይዟል። ታማሚው የሚጫማው ኮንጎ መነሻው ውስጥ ካልገባ፣ 30 በመቶ ቀነሰ የተባለው ጫማ ለእሱ መሻሉ ገና አልተለካም ማለት ነው።