ጥሊሊ ያልደረሰው ሐዲድ

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን የተቋቋመው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በወጣው የአገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ አንዱ መስመር ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልድያ አድርጎ ወደ ሰመራ ያቀናል። ዋናው አስፋልት ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር የሚደርሰው ቡሬን፣ ጥሊሊን፣ እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ ስለሆነ፣ ሐዲዱም በዚሁ አካባቢ ያልፋል ብሎ መገመት ከባድ አልነበረም።

መስመሩ ዛሬም ያለው ካርታ ላይ ነው። በአዊ ዞን ባለችው ጥሊሊ መናኸሪያ ጠዋት የሚሰማው «እንጅባራ! እንጅባራ! አንድ ሰው!» የሚለው የረዳቱ ጩኸት ነው። «አንድ ሰው» የተባለው ከገባ በኋላም ሌላ «አንድ ሰው» ይፈለጋል። ድንች የሞላ ማዳበሪያ ጣራ ላይ ይታሰራል። እንጅባራ የሚያስተምር መምህርና ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው፣ ትርፍ የተጫነው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ይጓዛል።

ባቡር ሠራተኛንና ተማሪን በየቀኑ ሲያመላልስ ምን እንደሚመስል ለማየት አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው። የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር ለዚህ ምሳሌ አይሆንም። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከተማ ቆርቁሯል፣ ነጋዴ አበልጽጓል። የተሠራው ግን ለወደብ እንጂ ጠዋት ሥራ ገብቶ ማታ ለሚመለስ ሰው አልነበረም።

ለዚያ ሰው የተሠራው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። ከ470 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ጥቅምት 29 ቀን ደግሞ ከአያት ጦር ኃይሎች ያሉት መስመሮች ሥራ ጀመሩ። ሁለቱ ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ ጣቢያዎቹ 39 ናቸው። ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ታክሲ ተሰልፎ የሚመሽበት የአያት ነዋሪ ያን ጊዜ የተሰማው እፎይታ ቀላል አልነበረም።

ሐዲዱ ሲዘረጋ ሰፈር ከሰፈር መለየቱም አልቀረም። መንገድ ተሻግሮ ጎረቤቱን ይጠይቅ የነበረ ሰው ከአጥሩ ማዶ ለመድረስ ሩቅ መዞር ግድ ሆነበት። ይህ ግን ከኋላ ከመጣው ጣጣ አንጻር ትንሹ ነው። የቻይና ባለሙያዎች ለኢትዮጵያውያን አስረክበው ከሄዱ በኋላ መለዋወጫ ብርቅ ሆነ። ዕቃው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ፣ ቲኬቱ የሚሸጠው በጥቂት ብር ነበር። ከ41 ባቡሮች ሲሶው እንኳ የማይንቀሳቀስበት ጊዜ መጣ። በሥራ መውጫ ሰዓት መገናኛ ላይ የሚቆም ተሳፋሪ ሁለትና ሦስት ባቡር ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሲያልፍ እያየ ይጠብቃል፤ በሩ ሲከፈት የሚወርደውና የሚገባው ይጋፋሉ፣ የአንዱ ቦርሳ ውጭ፣ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል።

እንደ እኔ ጥፋቱ የባቡሩ አይደለም። ብድር ሲፈረምም ሆነ ሪባን ሲቆረጥ በአሥረኛው ዓመት መለዋወጫ የሚገዛው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስልም። ዋጋው የድሃውን አቅም ያገናዘበ መሆኑ ደግ ነበር፤ የጎደለውን የሚሞላ ቋሚ በጀት ግን አብሮ መቆረጥ ነበረበት። የአውሮፓ ከተሞች ባቡርም በቲኬት ብቻ አይተዳደርም፤ ልዩነቱ ድጎማው አስቀድሞ በሕግና በበጀት መያዙ ነው። መናበብ ማጣቱም ሌላ ችግር ነው፦ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲሱ 752 ኪሎ ሜትር የጅቡቲ ባቡር መንገደኛ የሚሳፈረው ከከተማ ወጣ ብሎ ለቡ ላይ ሲሆን፣ ቀላል ባቡሩ እዚያ አይደርስም።

ወደ አማራ ክልል የመጣው ሐዲድ በምሥራቅ በኩል ነው፤ የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርኬዚ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ እስከ ሐራ ገበያ ሠራው። አብዛኛው ሥራ ካለቀ በኋላም መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት አለፉ፤ በመሐል የሰሜኑ ጦርነት ደረሰበት።

ስለዚህ ወደ ጎጃም የሚመጣ ሐዲድ ካለ፣ መንገደኛ ብቻ አያቆመውም። የአዊ ድንችና ከሰል፣ የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምርት ጭነቱን መሸፈን አለባቸው፤ የጭነቱ ገቢ የመምህሩንና የተማሪውን ወንበር ይደጉማል። ሐዲዱ ከመነጠፉ በፊት የጥገናው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ ይቀመጥ።

እስከዚያው ከጥሊሊ እንጅባራ ሰዓቱን ጠብቆ የሚነሣ፣ ታሪፉ በሩ ላይ የተለጠፈ፣ ትርፍ የማይጭን አውቶቡስ ማሰማራት ብድርም የውጭ ተቋራጭም አይጠይቅም። ዞኑና የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ ሊጀምሩት የሚገባው ከዚህ ነው።