ስለ ካቶሊካዊው ባለ እጅ ረዥም ሕይወት
በጎሬና በኢሉባቦር ከተሞች ለሚደረግ ጥናት የቀረበ ሐሳብ

የምዕራብ ኢትዮጵያን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ራሶችን፥ ጳጳሳትን፥ ቆንስሎችንና ታላላቅ ነጋዴዎችን ነው። ቤቱን የሠራው አናጢ፥ ልብሱን የሰፋው ሰፊ፥ ማረሻውን የቀጠቀጠው ባለ እጅ ግን በጽሑፍ አይገኝም። ካቶሊካዊ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ደግሞ ይብሱን ይረሳል፤ ቁጥሩ ጥቂት፥ ሥራውም ዝቅተኛ ተብሎ የሚቈጠር ነውና። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናስረዳው፥ እንዲህ ያለው ሰው በእጁ ሥራ ኖሮ፥ ልጆች አሳድጎ፥ በሃይማኖቱ ጸንቶ ሲያረጅ፥ ሕይወቱ ለሕዝብ ጥናት ከሹማምንት ታሪክ የማያንስ ምስክር መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ የሙያውን ነገር እንመልከት። በአገራችን መሬት የሚያርስና ጦር የሚይዝ ሰው ሲከበር፥ ብረት ቀጥቃጩ፥ ቆዳ ፋቂው፥ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ሲናቁ እንደ ኖሩ የታወቀ ነው። «ጠይብ» የሚለው ቃል የሥራ ስም ብቻ አልነበረም፤ ከቡዳ ጋር ተያይዞ መሸሻና መሰደቢያ ሆኖ ነበር። በኦሮሞም ዘንድ ቀጥቃጩ ቱምቱ፥ ቆዳ አልፊው ፋቂ እየተባሉ ከሌላው ጋር በጋብቻ ሳይቀላቀሉ ይኖሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰው በሠራተኛነቱ እንዳይሰደብ ዐዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። ዐዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ልማድን ግን በአንድ ቀን አይለውጥም።

ይሁን እንጂ አዲስ ከተማ በተቈረቈረበት ስፍራ የባለ እጅ ዋጋ ከፍ ይላል። ጎሬ እንዲህ ያለች ከተማ ነበረች። ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን ሲገዙ መቀመጫቸው ያደረጓት ይህች ደጋማ ከተማ፥ ወደ ባሮ ቆላ በሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ ናት። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ስለ ፈቀዱ፥ ጋምቤላ የሱዳን መርከቦች መቆሚያ ሆነች። ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት መርከቦቹ ጨውና አቡጀዴ እያመጡ፥ ቡና፥ ቆዳና ሰም ይዘው ይመለሱ ነበር። የግሪክ፥ የአርመንና የሶርያ ነጋዴዎችም በዚሁ መስመር ሰፈሩ። ሱቅ በር ይሻል፤ ቢሮ ጠረጴዛ ይሻል፤ አቡጀዴም ሰፊ ይሻል። ስለዚህ በገጠር የተናቀው ሙያ በከተማ ለኑሮ የሚበቃ እንጀራ ሆነ።

ቀጥሎ የሃይማኖቱን ነገር እናያለን። የካቶሊክ ሃይማኖት ወደ ኦሮሞ አገር በዘመናዊ መልክ የገባው በካፑቺኑ መነኩሴ በጉሊየልሞ ማሳያ፥ በአገራችን አጠራር በአቡነ ማስያስ ነው። እርሳቸው በ1838 ዓ.ም. ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ ዐባይን ተሻግረው ጉድሩ የደረሱት ግን በ1845 ዓ.ም. ነበር። በዚህ ረዥም ጕዞ አንዳንዱን መንገድ ያለፉት ነጋዴ መስለው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከካፋ በ1853 ዓ.ም. ተባረሩ፤ በኋላም በሸዋ ሳሉ በ1871 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከአገር እንዲወጡ አዘዙ። እነሆ፥ እረኛው በተሰደደ ቁጥር መንጋው የሚጠበቀው በማን ነበር? በጥቂት የአገር ተወላጆች ካህናትና በቤተ ሰብ አባቶች ነበር። ካህን በሌለበት ቤት ጸሎቱን የሚመራ፥ ጾሙን የሚያስጠብቅ፥ ለልጁ ትምህርተ ሃይማኖት የሚነግር አባት ነውና።

የአቡነ ማስያስን ሥራ ለመቀጠል አሳብ የነበራቸው ጁዜፔ አላማኖ በቶሪኖ ከተማ በ1893 ዓ.ም. የኮንሶላታን ማኅበር መሠረቱ። ሮማ በ1905 ዓ.ም. የደቡብ ካፋን ግዛት ለዚህ ማኅበር ሰጠች። አለቃው ጋውዴንሲዮ ባርላሲና በ1909 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ እርሳቸውም እንደ ቀደሙት በነጋዴነት ስም ነበር። እንግዲህ በምዕራቡ አገር የካቶሊክ ሃይማኖት ሁለት ጊዜ በንግድ መንገድ እንደ ገባ እናያለን። ነጋዴነት ለሚሲዮናዊው መሸፈኛ ነበረ፤ ለምእመኑ ባለ ሙያ ግን ሙያው መሸፈኛ ሳይሆን ኑሮው ነበረ። ልዩነቱ ታላቅ ነው፤ ሚሲዮናዊው ሲባረር ወደ አገሩ ይሄዳል፥ ባለ ሙያው ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ይቀራል።

ከጎረቤት ጋር መቅረት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለመረዳት፥ በ1897 ዓ.ም. ገደማ ተወልዶ ዘጠና ዓመት የኖረ አንድ የጎሬ ባለ እጅ እናስብ። ይህ ሰው በእውን የታወቀ ግለ ሰብ ሳይሆን ዘመንን ለመለካት ያቆምነው ምሳሌ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ሲሄዱና ጎሬ ለጥቂት ወራት የራስ እምሩ አስተዳደር መቀመጫ ስትሆን ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነው። በ1929 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ጎሬን ይዘው ጳጳሱን አቡነ ሚካኤልን በዚያው ሲገድሉ ዐይኑ ያያል። የገዳዮቹ አገር ሃይማኖት ከእርሱ ሃይማኖት ጋር አንድ ነው። ጎረቤቱ ለሟቹ ጳጳስ ሲያለቅስ እርሱ ምን አደረገ? አብሮ አለቀሰን? ወይስ በሩን ዘጋ? ከዚያስ በኋላ ወንበሩን የሚያሠራ፥ ልብሱን የሚያሰፋ ሰው መጣለትን? ይህን ጥያቄ የመንግሥት መዝገብ አይመልሰውም፤ የሰፈር ሽማግሌ ግን ይመልሰዋል።

በ1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በምዕራብ እጁን ሲሰጥ ይህ ሰው ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ ለውጭ ሚሲዮን ክፍት የሆነውንና ያልሆነውን አገር ሲለይ፥ ጋምቤላም በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ስትመለስ፥ እርሱ አሁንም በመዶሻው ይኖራል። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ የከተማ ቤቶች ሲወረሱ፥ ለእርጅናው ብሎ የሠራት አንዲት የኪራይ ቤት ብትኖረው በዚያ ዓመት ሄዳለች። የጠቅላይ ግዛቱም መቀመጫ በኋላ ወደ መቱ ሲዛወር ደንበኛው አብሮ ይሄድበታል። ገዥ፥ ሕግና ገንዘብ ተለዋወጡ፤ ያልተለወጡት ሙያው፥ ሚስቱና ጸሎቱ ናቸው።

ለንጽጽር ከውጭ አገር አንድ በመዝገብ የታወቀ ምሳሌ እንጥቀስ። ሉዊ ማርቴን የተባለው ፈረንሳዊ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1823 እስከ 1894 የኖረ፥ በአላንሶን ከተማ ሰዓት ሠሪና ጌጣጌጥ ሻጭ ነበረ። ሚስቱ ዜሊም የዳንቴል ሥራ ነጋዴ ነበረች። ከወለዷቸው ዘጠኝ ልጆች በሕይወት ያደጉት አምስት ሴቶች ሁሉም መነኮሱ፤ አንዲቱም የሊዝዮዋ ቅድስት ተሬዛ ናት። ሉዊ ገቢው ቢቀንስም እሑድ ሱቁን አይከፍትም ነበር። ባልና ሚስቱ በ2015 በአንድነት ቅዱሳን ተባሉ። የዚህ ቤት ታሪክ የተጻፈው ግን ልጅቱ ስለ ከበረች፥ ደብዳቤዎቻቸውም ስለ ተጠበቁ ነው። ደብዳቤ ባልተጻፈበት አገር የእሑዱ የተዘጋ ሱቅ በማን ይታወሳል? የገበያው ቀን ከእሑድ ጋር በተጋጠመ ጊዜ ስንት ብር እንደ ቀረ የሚያውቁት ሚስትና ልጆች ብቻ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ለዚህ ሰው ምሳሌ ሰጥታዋለች፤ ይኸውም አናጢው ቅዱስ ዮሴፍ ነው። ር. ሊ. ጳ. ፒዮስ 12ኛ በ1947 ዓ.ም. የሠራተኛውን የቅዱስ ዮሴፍን በዓል ባቆሙ ጊዜ የእጅ ሥራ ክብር መሆኑን በቀን መቍጠሪያ አጸኑት። ሙያው ሲናቅ ለኖረ ሰው፥ የጌታ አሳዳጊ ባለ እጅ ነበረ የሚለው ትምህርት ትልቅ መጽናኛ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ በኢሉባቦር ከተሞች ጥናት የሚያደርጉ ተማሪዎች ሦስት ነገሮችን እንዲመረምሩ እናሳስባለን። መጀመሪያ መሣሪያውን፤ ሙያውን ከማን ተማረ፥ ለማንስ አወረሰ? ሁለተኛ ጋብቻውን፤ ልጆቹን ከባለ እጅ ልጆች ጋር ብቻ አጋባን፥ ወይስ ከባላገርና ከኦርቶዶክሳዊ ቤትም ጭምር? ሦስተኛ ቀብሩን፤ ማን ተሸከመው፥ በየትኛውስ አፈር ዐረፈ? ሙያው ከተናቀ፥ ሃይማኖቱም ከተጠረጠረ በኋላ የከተማው ሰው ሁሉ ለቀብሩ ወጥቶ ከሆነ፥ ዐዋጅ ያልቻለውን ያ ረዥም ዕድሜ ችሎታል ማለት ነው። ይህን የሚነግሩን ሽማግሌዎች ቁጥራቸው በየዓመቱ ይቀንሳል፤ ጥናቱም ይዋል ይደር የሚባል አይደለም።