የኋለኛው ቢስክሌተኛ

የቢስክሌት እሽቅድምድም ሲነሣ ሁሉም «ማን ቀደመ?» ይላል። እኛ ግን በአራዳ ጎዳናዎች ወደ ኋላ እየቀረን የተማርነውን ልንናገር ወደድን።

ከፖስታ ቤት ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚያወጣው ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ነውና። ይሁን እንጂ በአጭር ዙር እሽቅድምድም ጀማሪውን ይበልጥ የሚያደክመው መታጠፊያው ነው። ፊተኛው በመጠኑ ቀንሶ ሲያልፍ፥ ኋለኛው በሰልፉ ታግቶ ፍሬን ይይዛል፤ ከዚያም ለመድረስ በየዙሩ እንደ አዲስ ይረግጣል። ጉልበት ሳያንሰው፥ ቦታ ባለመያዙ ይሸነፋል።

ኋላ መቅረት ግን ውርደት አይደለም። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ፥ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በቢስክሌት ተሰልፈው ያለ ሜዳሊያ ተመለሱ። አበበ ቢቂላ በሮም ያሸነፈው ከዚያ በኋላ፥ በ1952 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ቢቀድሟችሁ አትፈሩ፤ ከሚቀጥለው መታጠፊያ በፊት ግን ቦታችሁን ያዙ።