ላፕቶፑን ከመውቀስ በፊት፤ የጊታርና የክራር ኢፌክት በኮምፒውተር

ከወልድያ ተነስቶ መርሳንና ውርጌሳን አልፎ ውጫሌ የደረሰ መንገደኛ አምባሰል ገብቷል፤ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ለአንዱ ስሙን ያዋሰው አገር ነው። የባቲ ስምም የመጣው ከዚያው ከወሎ ነው። እነዚህን ቅኝቶች ዛሬ ጊታሩም፣ ፒክአፕ የተለጠፈበት ክራርም ይጫወታቸዋል። ለኢኮው፣ ለሪቨርቡ፣ ለዋዋውና ለዲስቶርሽኑ የየራሱን ፔዳል መግዛት ግን ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ላፕቶፕ መጫወት ደህና መላ ነው፤ እንደ ጊታሪክስ ያለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራምም አለ። ችግሩ ድምፁ ሲደፈን፣ እምምም ሲል፣ ሲንጣጣ ወይም ዘግይቶ ሲመጣ ነው። ያኔ የመጀመሪያው ፍርድ «ኮምፒውተሩ አቅም የለውም» የሚል ይሆናል። ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ጥፋቱ በብዛት የሚገኘው ድምፁ ኮምፒውተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ወይም በአንድ ሁለት የተሳሳቱ ምርጫዎች ላይ ነው። ፍለጋውም ከክሩ ጀምሮ ድምፁ የሄደበትን መንገድ መከተል አለበት።

ዋናው ማስረጃ ላፕቶፑ ጎን ያለችው የማይክ ቀዳዳ ናት። የጊታር ማግኔት ፒክአፕ አንድ ሚሊዮን ኦም አካባቢ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል፤ የማይክ ቀዳዳ ግን ጥቂት ሺህ ኦም ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የጊታሩ ቀጭን ድምፅ ይታፈንና ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ይመስላል። ክራር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። የናይሎን ክር ማግኔትን ስለማይቀሰቅስ ክራር ላይ የሚለጠፈው ፒዬዞ የሚባለው የንዝረት ፒክአፕ ነው፤ ፒዬዞ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ብቻ ይቀራል። አንድ ቀዳዳ ሁለቱን መሣሪያዎች በተቃራኒ መንገድ ካበላሸ፣ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ፍጥነት ሊሆን አይችልም። መድኃኒቱ የጊታር መግቢያ ያለው የዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው። እሱም ቢሆን የመግቢያው ማጉያ (ጌይኑ) ከልክ ካለፈ ድምፁ ጣሪያ ይመታል፤ መግቢያው ላይ የተሰበረን ድምፅ በኋላ የሚጠግን ሶፍትዌር የለም። ዲስቶርሽን ሲከፈት ይህ ስብራት ስለሚደበቅ፣ ኢፌክቱን በሙሉ ዘግቶ ባዶውን ክር መስማትና በፕሮግራሙ ላይ የሚነበበውን የድምፅ መጠን ከጣሪያው 10 ወይም 12 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ይገባል።

እምምም የሚለው ድምፅ ከመብራቱ ነው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ጊታሩን ይዘው በቆሙበት ሲዞሩ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ፒክአፑ በአካባቢው ካለ ትራንስፎርመር ወይም አምፖል እየለቀመ ነው። ቻርጀሩ ሲነቀል ፀጥ ካለ ግን ምክንያቱ ቻርጀሩ ወይም የኧርዝ መስመሩ ነው፤ በባትሪ መጫወት ወይም በላፕቶፑና በአምፕሊፋየሩ መካከል ማግለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ይበቃል። የኧርዙን እግር ቆርጦ መጣል ግን በምንም ምክንያት አይደረግም፤ የተጫዋቹ እጅ ከብረቱ ክር ጋር ነውና በሕይወት መቀለድ ነው። ጫጫታውን፣ ደካማ ድምፅን በሚዘጋው ኖይዝ ጌት የሚቆርጡም አሉ። ለጭፈራ ዘፈን ያስኬዳል፤ በትዝታ ግን እየሳሳ የሚሄደውን የክሩን መጨረሻ ይዞት ይሄዳል።

መዘግየት ወደ ኮምፒውተሩ ያደርሰናል፤ ግን ድምፁን ከማቀነባበሩ በፊት ወደሚያጠራቅምበት ቋት፣ ወደ ቡፈሩ፣ እንጂ ወደ አቅሙ አይደለም። በሰከንድ 48,000 ናሙና ሲሠራ የ1024 ቡፈር 21 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ መግቢያና መውጫው ሲደመር 42 ይጠጋል። ድምፅ በዚህ ጊዜ ውስጥ በአየር ላይ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ መዘግየት በዝግታ በሚሄድ ትዝታ ላይ ሊያልፍ ይችላል፤ ጭብጨባው ሲፈጥን ግን ክሩና ምቱ ይለያያሉ። ቡፈሩን ወደ 128 ማውረድ፣ ዊንዶውስ ላይ ከሆነ አሲዮ የሚባለውን ድራይቨር መጠቀም ዋናው መፍትሔ ነው። በብሉቱዝ ስፒከር መጫወት ደግሞ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ስለሚችል ከናካቴው አይሞከርም። ቡፈሩ ሲወርድ ድምፁ ከተንጣጣ ዋይፋዩን ማጥፋት፣ ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች መዝጋት ነው። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፦ እምምታውን ለማምለጥ ቻርጀሩ ሲነቀል ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያኔ መንጣጣቱ ይጀምራል። የኃይል ቁጠባውን አስቀድሞ ማጥፋት ያስፈልጋል።

«ፔዳል ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ለቀላል አናሎግ ፔዳል እውነት ነው። ብዙ ኢፌክት የያዘው ዲጂታል ፔዳል ግን ራሱ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ልዩነቱ መግቢያው ለጊታር ተብሎ መሠራቱና ሌላ ሥራ የማይታዘዝ መሆኑ ነው። ሁለቱንም ለላፕቶፕ መስጠት ይቻላል። «በጣም ያረጀ ማሽንስ?» ለሚለውም፣ አዎ፣ አቅም የሚያንሰው አለ፤ ከባድ የአምፕሊፋየር አስመሳይ ሲጫንበት ይታነቃል። ያ የሚታወቀው ግን ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው። ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ከአዲስ ላፕቶፕ በፊት ኢንተርፌስና ደህና ገመድ ይገዛ።