ስለ ሕመምተኞች አጠራር

በመተማ ቆላ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ይወርዳል። ሌሊት ከግራር ሥር ሲያድር የአሸዋ ዝንብ ትነክሰውና ካላዛር የሚይዘው አለ፤ ትኩሳቱ አልለቅ ሲለውና ጣፊያው ሲያብጥ ወደ ሐኪም ይሄዳል።

አምና አጎቴን ላስታምም በአንድ ሕክምና ቤት ሰንብቼ ነበር። መርፌው አብዛኛውን ጊዜ 17 ቀን በየቀኑ ይሰጣል። በየማለዳው አንድ ሠራተኛ ከበሩ ላይ ቆሞ፥ «ካላዛሩ፥ ግባ!» ይለዋል። አጎቴ በአገሩ ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ በዚያ ጥሪ ግን አንገቱን ደፍቶ ይገባና ምንም ሳይናገር ይወጣ ነበር። በስድስተኛው ቀን ሌላ ነርስ ተረኛ ሆና መጥታ፥ «ጋሼ፥ እንደምን አደሩ? እንቅልፍ ወሰደዎ?» ብትለው፥ ከእኔ እንኳ የደበቀውን የሆድ ቁርጠትና ትውከት ነገራት። እርስዋም ፈጥና ሐኪሙን ጠራች፤ መድኃኒቱ ቆሽትን ሊጎዳ ይችላልና።

ታዲያ ማን ብሎ መጥራት ይገባል? በጎንደር ለታላቅ ሰው «አንቱ» ይባላል፤ «እርስዎ» የሚልም አያስቀይምም። መተማ ግን ክርስቲያኑና እስላሙ፥ ጉሙዙና ሱዳኑ የሚገናኙባት ስለሆነች አንድ መጠሪያ ለሁሉ አይበቃም። የሃያ ዓመቱን የቀን ሠራተኛ «እርስዎ» ቢሉት ሹፈት ይመስለዋል፤ «ወንድሜ» ይበቃዋል። «እማማ» መባልም ሴቱን ሁሉ ደስ አያሰኝም፤ እናቴ ታኮርፋለች። ስለዚህ ከካርዱ ላይ ስሙን አይቶ፥ «ማን ልበልዎ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የበሽታው ስም ግን ከካርዱ አይውጣ፤ ከበር ላይ ሲጠራ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማዋል።