እውነት ወይስ ተረት? «ጠፈር ላይ ስበት የለም»

ስለ ጠፈር ጉዞ የሚያወሩ የልጆች የሥዕል መጻሕፍት እኛ ሰፈር ሳሪስ አቦም ደርሰዋል። አንዳንዱን ውጭ ያለ ዘመድ ይልከዋል፣ አንዳንዱን መጽሐፍ አዟሪ ይዞት ይመጣል። ሥዕላቸው ይመሳሰላል፤ ሮኬቱ እሳት እየተፋ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጣዩን ገጽ ስትገልጡ ጠፈርተኛው ተንሳፍፎ ይታያል። ልጅ ደግሞ ልጅ ነውና «ለምን አይወድቅም?» ይላል። ያን ጊዜ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ «እዚያ ስበት የለማ!» የሚል ነው።

ስበትማ አለ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው፤ እዚያ ያለው የምድር ስበት እዚህ ከምናውቀው 90 በመቶ ያህሉ ነው። እስከዚያ የሚደርስ ፎቅ ቢኖርና ጣሪያው ላይ ሚዛን ብታስቀምጡ፣ ሳሪስ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እዚያ 53 ኪሎ ገደማ ይመዝናል እንጂ አይንሳፈፍም። ጨረቃንም አስቡ። 384,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ሳለች ጥላን ያልሄደችው የምድር ስበት ስለያዛት ነው።

«ታዲያ ሰዎቹ ለምን ይንሳፈፋሉ?» ካላችሁ፣ እየወደቁ ስለሆነ ነው። ጣቢያው በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ይበራል፤ እግረ መንገዱን ወደ ምድር ይወድቃል። ነገር ግን ምድር ድቡልቡል ናት፤ እሱ በወደቀ መጠን እሷም ከሥሩ ትጎብጥበታለች፣ ስለዚህ መሬት ሳይነካ ይዞራታል። አንዱን ዙር በ90 ደቂቃ ያህል ይጨርሳል። ሰውየው፣ ማንኪያው፣ የጣቢያው ወለል ሁሉም እኩል ስለሚወድቁ አንዱ ሌላው ላይ አይጫንም። ክብደት የሚሰማን ወለሉ ከሥር ሲገፋን ነውና፣ ወለሉም አብሮ ሲወድቅ ስሜቱ ይጠፋል።

ይህን ልጆቻችሁ በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ፣ ከታች በኩል ጎኑን በምስማር ሁለት ቦታ ብሱት፣ ውሃ ሙሉት። ክዳኑን ካልገጠማችሁት ውሃው በቀዳዳው ይፈሳል። አሁን አንድ ትልቅ ሰው ወንበር ላይ ቆሞ ከፍ አድርጎ ይልቀቀው። ጠርሙሱ መሬት እስኪደርስ ባለችው ቅጽበት ውሃው መፍሰሱን ያቆማል! ስበቱ የትም አልሄደም፤ ጠርሙሱና ውሃው አብረው ስለሚወድቁ ውሃው ተጭኖ የሚወጣበት ምክንያት የለም። በስልክ ቀርጻችሁ ቀስ አድርጋችሁ ብታሳዩአቸው ደግሞ በደንብ ይታያል።

ሌላው ተረት «ጠፈር እጅግ ሩቅ ነው» የሚለው ነው። ጠፈር ይጀምራል የሚባለው ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ነው፤ ከሳሪስ በቃሊቲ አድርጋችሁ አዳማ ብትሄዱ የምትጓዙት ያን ያህል ገደማ ነው። ጣቢያው ይህን ርቀት በ13 ሰከንድ ያህል ያልፈዋል። የምድር ስፋት የእንጀራ ምጣድ ያህል ነው ብንል፣ ጣቢያው ከጠርዙ የሚርቀው የአውራ ጣት ስፋት ያህል ብቻ ነው። የመጽሐፉ ሠዓሊ ግን እንዲህ ቢስለው ሮኬቱ አይታይም። ስለዚህ ምድርን ትንሽ ኳስ ያደርጋታል፣ ጠፈርተኛውን ከእሷ ያርቀዋል። ልጁም፣ የምታነብለት እናቱም «በጣም ስለራቀ ነው ያመለጠው» ብለው ያምናሉ። ተረቱ እንዲህ የሚጸናው በዚህ ይመስለኛል። በዚያ ላይ መውደቅ በሥዕል አይታይም፤ ቆሞ የቀረ ምስል ውስጥ የሚወድቅና የሚንሳፈፍ ሰው አንድ ናቸው። እኛም የምናውቀው መውደቅ መሬት ላይ ያበቃል፤ የማያበቃ መውደቅ አይተን አናውቅም።

ሮኬት ሥራው ከፍ ማለት ብቻ ነው የሚለውም ከዚሁ ሥዕል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሁለት ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ጠፈር ወጡ። ሚያዝያ 12 ቀን ዩሪ ጋጋሪን ምድርን ዞሮ በ108 ደቂቃ ተመለሰ። ግንቦት 5 ቀን አለን ሼፐርድ 187 ኪሎ ሜትር ድረስ ወጣ፣ ግን በ15 ደቂቃ ውስጥ ባሕር ላይ አረፈ። ከፍታው ነበረው፤ ያልነበረው ወደ ጎን የሚያስኬደው ፍጥነት ነው። የኛዋ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ፣ የሮኬቱ ትልቁ ድካም 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነውን ሳተላይት ያን ፍጥነት ማስያዝ ነበር። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሆና ምድርን ስትዞር የያዛት፣ ተረቱ የለም የሚለው ስበት ነው።

በሥዕሎቹ የተነሳ መጽሐፉን አትጣሉት፤ ልጆቹ የሚወዱት ለሥዕሎቹ ነው፣ የተጻፈውም አብዛኛው ደህና ነው። ዛሬ ማታ ስታነቡ ግን ጠፈርተኛው የሚንሳፈፍበት ገጽ ላይ ስትደርሱ፣ እርሳስ አንስታችሁ ከጎኑ «እየወደቀ ነው» ብላችሁ ጻፉበት። «ታዲያ ለምን መሬት አይደርስም?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይመጣል።